በርኖስ

የበግ ፀጉር፤ በእጅ ተፈትሎ የተሸመነ
20ኛው ክፍለ ዘመን
መንዝ፣ ሰሜን ሸዋ

እጅጌ የሌለው፣ ከትከሻ የሚደረብ የደጋ ልብስ ነው። የሹራብ መርፌ አልነካውም፤ የሸማኔ ሥራ ነው። ጠጋ ብለው ስፌቱን ይመልከቱ፦ ከሸማኔው ዕቃ የሚወጣው ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ ልብሱ ቁራጭ ከቁራጭ ተጋጥሞ ተሰፍቷል። ጥቁረቱም የቀለም አይደለም፤ የራሱ የበጉ ነው።

የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ነው። ተሸልቶ ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል። የተሸመነው ጨርቅ በውሃ ርሶ በእግር ሲረገጥ ክሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ጨርቁም ይጠብቃል፤ ካፊያና ውርጭ የሚመክተውም በዚህ ነው። ባና እና ዝተት የሚባሉት ወፍራም ጨርቆችም የሚሠሩት ከዚሁ ፀጉር ነው።

በርኖስ ግን የደጋ ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማ በር በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወረድ፣ ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚያ በርኖስ ሸክም ነው። ሸዋ ሮቢት ያለችበት የይፋት ቆላ ጥጥ ሲያበቅል የኖረ ነው፤ ባህላዊ ልብሱም ጥጥ ነው። ሰንበቴን በመሳሰሉ የአካባቢው ገበያዎች ደገኛውና ቆለኛው ይገናኛሉ፤ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ይገበያያሉ።