ማየትና ማስተዋል

ሰው ዓይን ስላለው ያያል፤ ማስተዋል ግን በትምህርት የሚገኝ ነው ይባላል። መጽሐፍ ለማንበብ ፊደል መቍጠር እንደሚያስፈልግ የሚክድ የለም። ፊልም ለማየት ትምህርት ያሻል ቢባል ግን ብዙ ሰው ይሥቃል። እኔም ከሚሥቁት አንዱ ነበርሁ። የልጅነቴን ቅዳሜና እሑድ በሠፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሕንድንና የአሜሪካን ፊልም ስመለከት ያሳለፍሁ በመሆኔ፣ ፊልም እንዴት እንደሚታይ የሚያስተምረኝ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። ከመሥሪያ ቤት ስወጣ በማታ የሚሰጠውን የፊልም ታሪክ ትምህርት መከታተል የጀመርሁትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የቀኑን ድካም ለመርሳት ነበር። ከአንድ ምሽት በኋላ ግን ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑን ተረዳሁ። የዚያን ምሽት ነገር ከመተረኬ አስቀድሞ፣ የፊልም ጥበብ እስከዚያ የደረሰበትን መንገድ ባጭሩ ማመልከት ይገባኛል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1894 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለሕዝብ የቀረበው የኤዲሰን መሣሪያ፣ አንድ ሰው ብቻ ዓይኑን በቀዳዳ ላይ አድርጎ ወደ ሣጥን ውስጥ የሚያይበት ነበር። ኦግስትና ሉዊ ሉሚየር የሚባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ግን ሥዕሉን ከሣጥን አውጥተው በመጋረጃ ላይ አሳረፉት። በዲሴምበር 28 ቀን 1895 ዓ.ም. ፓሪስ ከተማ፣ ግራን ካፌ በሚባለው ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ገንዘብ ከፍለው ለገቡ 33 ያህል ሰዎች አሥር አጫጭር ፊልሞች አሳዩ። ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ አባትና እናት ሕፃን ልጃቸውን ሲመግቡ፤ እያንዳንዱ ፊልም አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባቡር ወደ ጣቢያ ሲገባ የሚያሳይ ፊልም ባቀረቡ ጊዜ፣ ተመልካቹ ባቡሩ የሚጨፈልቀው መስሎት ሸሸ የሚለው ወሬ በየመጽሐፉ ይደጋገማል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን በቂ ማስረጃ ስላላገኙለት ወሬውን ይጠራጠሩታል። ከመምህራችን የተቀበልሁት የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር፤ ስለ ፊልም የሚነገረውም ነገር እንደ ፊልሙ ሁሉ መመርመር አለበት።

በእኛም አገር፣ ሲኒማ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ ሰው ሥዕል ሲራመድ አይቶ ተደናገጠና አዳራሹን «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። የዛሬ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ይሥቃል። እኔ ግን ከተማርሁ ወዲህ አልሥቅም። አያቶቻችን ምክንያቱን ቢስቱ፣ ኃይሉን ግን አልሳቱም።

የዚህ ኃይል ምንጭ ካሜራው ብቻ አይደለም፤ መቍረጥና መቀጠል ነው። ይህን በአጋጣሚ ካገኙት ሰዎች አንዱ ዦርዥ ሜሊየስ የሚባለው ፓሪሳዊ የምትሃት ትርዒት አሳዪ ነው። እሱ ራሱ እንደ ተረከው፣ አንድ ቀን የከተማ መንገድ ፊልም ሲያነሣ መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ ይያዝና እንደ ገና ይሠራል። ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ የመንገደኞች ማመላለሻ ሠረገላው በድንገት የሬሳ ሠረገላ ሆኖ ተገኘ። ሜሊየስ ይህን ዘዴ አስፋፍቶ በ1902 ዓ.ም. ሰዎች ወደ ጨረቃ ሲጓዙ የሚያሳየውን ዝነኛ ፊልሙን ሠራ። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ኤድዊን ፖርተር «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» በተባለው፣ 12 ደቂቃ ያህል በሚፈጀው ፊልሙ፣ ልዩ ልዩ ስፍራዎችን እየቀጣጠለ አንድ ታሪክ መተረክ እንደሚቻል አስመሰከረ። ተመልካችን ከወንበሩ ጋር የሚያስረው ገመድ በእነዚህ ሰዎች እጅ መገመድ ጀመረ።

ገመዱን ያጠበቀው ዴቪድ ግሪፊዝ ነው። ግሪፊዝ በኬንተኪ የተወለደ፣ አባቱም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለባርያ አሳዳሪዎቹ ለደቡቦች የተዋጋ የጦር መኰንን ነበር። በ1915 ዓ.ም. ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጀውን «የአንድ ሕዝብ ልደት» የተባለውን ፊልሙን አወጣ። ያ አስቀድሜ ያነሣሁት ምሽት መምህራችን የዚህን ፊልም መጨረሻ ያሳዩበት ነው።

በአንዲት ጎጆ ውስጥ ነጮች ተከበዋል። በሩን ለመስበር የሚታገሉት ጥቁር ወታደሮች ናቸው። በሩቅ ነጭ ቀሚስና ጭንብል የለበሱ ፈረሰኞች ይጋልባሉ። ጎጆዋ ትታያለች፤ ቀጥሎ ፈረሶቹ፤ እንደ ገና ጎጆዋ፤ እንደ ገና ፈረሶቹ። በሩ ሲሰነጠቅ እኔ ከወንበሬ ጫፍ ደርሻለሁ። እጄን ጨብጫለሁ። ልቤ ፈረሰኞቹ ቶሎ እንዲደርሱ ይለምን ጀመር።

መብራቱ ሲበራ ነው ማንን እንደ ለመንሁ ያወቅሁት። እነዚያ ፈረሰኞች ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው፣ ጥቁሮችን በመግደልና በማሸበር የታወቀው ማኅበር ሰዎች ነበሩ። በሩን ይሰብሩ የነበሩት ደግሞ እኔን የሚመስሉ ሰዎች ናቸው። እኔ ጥቁር ሰው፣ የዐድዋ አገር ልጅ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል በራሴ ላይ ስፈርድ ቈይቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም። በግራና በቀኝ የተቀመጡትን ጓደኞቼን ባያቸው እነሱም አንገታቸውን ደፍተዋል።

መምህራችን አልወቀሱንም። ያንኑ ክፍል መልሰው ያለ ሙዚቃ አሳዩን፤ የእያንዳንዱንም ቍራጭ ርዝመት በሰዓት እንድንለካ አዘዙን። በለካን ጊዜ ወደ መጨረሻው በተጠጋን ቍጥር ቍራጮቹ እያጠሩ መሄዳቸውን አስተዋልን። ልባችን የመታው ለእውነት ሳይሆን ለመቀስ ነበር። ከዋነኞቹ ጥቁር ገጸ ባሕርያት ብዙዎቹም ፊታቸውን ጥቁር የተቀቡ ነጮች መሆናቸውን ያየነው በዚያ ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ዓይናችን እያየ አልተመለከተውም ነበር።

ይህ ፊልም ያደረሰው ጉዳት በአዳራሽ ውስጥ የቀረ አልነበረም። በዚያው ዓመት በፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘመን በዋይት ሃውስ ታየ። በ1909 ዓ.ም. ለጥቁሮች መብት የተቋቋመው ማኅበር እንዲታገድ ቢታገልም በብዙ ከተሞች ሊያስቆመው አልቻለም። ጠፍቶ የነበረው ክላንም በ1915 ዓ.ም. መጨረሻ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር እንደ ገና ተመሠረተ፤ የፊልሙንም ዝና አባላት ለመሰብሰብ ተጠቀመበት።

ታዲያ መድኃኒቱ ፊልምን መሸሽ ነውን? ኦስካር ሚሾ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ መልሱን በሥራ ሰጥቶበታል። ሚሾ በደቡብ ዳኮታ ምድር አራሽ ገበሬ የነበረ፣ ኋላም መጽሐፍ ጽፎ ራሱ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የሚሸጥ ሰው ነበር። በ1920 ዓ.ም. «በደጃችን ውስጥ» የተባለውን ፊልም አወጣ። በዚህ ፊልም ውስጥ እሱም እንደ ግሪፊዝ ሁለት ድርጊቶችን ያፈራርቃል። በአንድ ወገን ነጮች በመንጋ ተሰብስበው ምንም ያላጠፉ ጥቁር ባልና ሚስት ሲሰቅሉ፣ በሌላው ወገን አንድ ነጭ የእነዚህኑ ሰዎች ልጅ ሊደፍር ሲታገል ይታያል። መቀሱ አንድ ነው፤ የያዘው እጅ ግን ሌላ ነው። ይህ ፊልም ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ከቈየ በኋላ አንድ ቅጂ በስፔን አገር ተገኘና በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ታድሶ ለተመልካች በቃ። የሐሰተኛው ፊልም ቅጂ ዓለምን ሲሞላ፣ የመላሹ ቅጂ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ መቅረቱን አንባቢ ልብ ይበል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1924 ዓ.ም. ያቋቋመው «ሉቼ» የተባለው የፊልም ድርጅት የሚያዘጋጃቸውን ዜናዎች፣ ከ1926 ዓ.ም. ጀምሮ በኢጣልያ ያሉ ሲኒማ ቤቶች ሁሉ እንዲያሳዩ በሕግ ይገደዱ ነበር። አገራችን በ1935 ዓ.ም. በተወረረች ጊዜ የሉቼ ካሜራዎች ከጦሩ ጋር አብረው መጡ። ያነሡት ፊልም መንገድ ሲሠራ፣ ስንቅ ሲጓጓዝ፣ ሐኪም በሽተኛ ሲያክም ያሳያል። ከሰማይ የወረደው የመርዝ ጢስ ግን የለበትም። ንጉሠ ነገሥቱ በጁን 30 ቀን 1936 ዓ.ም. በጄኔቭ ስለዚሁ መርዝ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ቢናገሩም፣ የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ነገሩን በይፋ ያመነው በ1996 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ የሚታየው መንገድ ሐሰት አይደለም፤ በእርግጥ ተሠርቷል። ሐሰቱ ተቈርጦ በቀረው ውስጥ ነው።

ከአፍሪካ ወገን ካሜራ ከያዙት ቀደምቶች አንዱ ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ነው። በማርሴይ ወደብ ሸክም የተሸከመ፣ ልብ ወለድም የጻፈ ሰው ነበር። መጽሐፉን ማንበብ የማይችለው ሕዝቡ ቍጥሩ ብዙ መሆኑን ባየ ጊዜ ወደ ሞስኮ ሄዶ የፊልም ሥራ ተማረ፤ በ1963 ዓ.ም. ስለ አንድ ድኻ የጋሪ ነጂ፣ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳውያን ቤት ስለ ተቀጠረች ሴኔጋላዊት ሠራተኛ ፊልም ሠራ። ሲኒማ ለሕዝቡ የማታ ትምህርት ቤት መሆኑንም ይናገር ነበር።

ከእኛ አገር በ1946 ዓ.ም. በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ አለ። አሜሪካ ሄዶ ከተማረ በኋላ፣ በ1974 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አነሣ። ተዋንያኑ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ አይቸኵልም፤ ገበሬው ሲያርስ፣ ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያዝ፣ ተመልካቹ እንደ እነሱ ይታገሥ ዘንድ ያስገድዳል። የግሪፊዝን ቍራጭ በሰዓት የለካ ሰው፣ ይህ ዝግታ ስንፍና ሳይሆን አክብሮት መሆኑን ያውቃል።

ይህን ፊልም ለአባቴ አሳየሁት። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ሲኒማ ቤት ገብቶ አያውቅም። እኔ ስለ ቍራጩ ርዝመት ላስረዳው ስዘጋጅ፣ እሱ እርሻውን አተኵሮ ሲመለከት ቈየና፣ «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ አርሶ የሚያውቅ ነው፤ ሞፈሩን የያዘበትን እጅ እየው። ይኼስ አልዋሸም» አለኝ። እኔ ያንን እጅ አላየሁትም ነበር።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያሰፈርሁትን ቃል ማረም ይገባኛል። ማስተዋል ከትምህርት ብቻ አይገኝም፤ ከኑሮም ይገኛል። ትምህርት ያስተማረኝ ስለ መቀሱ ነው፤ አባቴ ያስተማረኝ ስለ እጁ ነው። ሁለቱም ለአንድ ተመልካች ያስፈልጉታል።

ፊልም መውደዴ አልቀነሰም። ዛሬም ቲኬት ቈርጬ እገባለሁ፤ እሥቃለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም አለቅሳለሁ። ነገር ግን መብራቱ ሲበራ ከመነሣቴ በፊት ጥቂት እቀመጥና ራሴን እጠይቃለሁ፤ ልቤ ለማን መታ? ያስመታውስ ማን ነው? ምንስ ተቈርጦ ቀረ? ልጆቻችን ዛሬ በእጃቸው በያዙት ስልክ፣ እኔ በልጅነቴ በዓመት ካየሁት የበለጠ ሥዕል በአንድ ሳምንት ያያሉ። ፊደል ሳናስቈጥር መጽሐፍ እንዳልሰጠናቸው ሁሉ፣ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳናስተምር ሥዕሉን ብቻ ልንሰጣቸው አይገባም።