ከአፈ ታሪክ የተወሰደ ስም ዕዳው ስንት ነው?

ሕግ ተምሬ ኑሮዬን በሕግና በብዕር መሀል ያደረግሁ ሰው በመሆኔ፣ ልብ ወለድ የሚጽፉ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያመጡልኛል። «ለገጸ ባሕርዬ ከአፈ ታሪክ የወሰድኩትን ስም ብሰጠው የሚከሰኝ ይኖራል ወይ?» ይሉኛል። አጭሩ መልስ «በአብዛኛው አይኖርም» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ክስ የለም ማለት ዕዳ የለም ማለት አይደለም። የውርስ ጉዳይ የገጠመው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ንብረት ለወራሾች ከመከፋፈሉ በፊት የሟች ዕዳ ይታያል፣ ይከፈላል። ከአፈ ታሪክ የሚወሰድ ስምም እንደዚሁ ነው። ትርጉሙን፣ ታሪኩን፣ አንዳንድ ጊዜም በስሙ ሰበብ የተጎዱ ሰዎችን እንባ ይዞ ይመጣል።

በዚህ ጽሑፍ ፋንታሲ በሚባለው፣ የራሱ ሕግ ያለው ምናባዊ ዓለም በሚፈጠርበት የልብ ወለድ ዘርፍ፣ ስሞች ከአፈ ታሪክ እንዴት እንደተወሰዱና ወሳጆቹ ዕዳውን እንዴት እንደከፈሉ እናያለን። «ዓ.ም.» ካልተባለ ወይም የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም ይህንኑ ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 አሉ። ሕጉ የሚጠብቀው የተገለጠውን ድርሰት እንጂ ሐሳብን አይደለም። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት የሚቆየውም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ደራሲው የማይታወቅና ለብዙ መቶ ዓመታት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ተረት በዚህ ሚዛን የማንም ነው፤ የማንም በመሆኑም የሁሉም ነው።

ጥንቃቄው የሚጀምረው አንድ ጸሐፊ በተረቱ ላይ የራሱን ሲጨምር ነው። ቶር የሰሜን አውሮፓ የነጎድጓድ አምላክ ነው፤ በጥንቱ ተረት ጢሙ ቀይ ነው። የማርቭል አሳታሚዎች በ1962 ያወጡት ቶር ግን ፀጉሩ ወርቃማ፣ ፊቱም የተላጨ ነው። ስለ መጀመሪያው ቶር ማንም ሊጽፍ ይችላል፤ የሁለተኛው መልክና ታሪክ ግን ባለቤት አለው። ከዚህ ሌላ የንግድ ምልክት የሚባል አጥር አለ፤ በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 501/1998 ይመለከተዋል። ስሙ ጥንታዊ ቢሆንም ለአንድ ዓይነት ዕቃ ምልክት ሆኖ ከተመዘገበ፣ በዚያው ዓይነት ዕቃ ላይ መለጠፍ ሊያስጠይቅ ይችላል።

የዚህ ልዩነት ጥሩ ማስረጃ «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው በ1974 የወጣ የአሜሪካ ጨዋታ ነው። ጨዋታው መጀመሪያ ላይ ሆቢት፣ ኤንትና ባልሮግ የሚሉ ስሞችን ይጠቀም ነበር። የቶልኪን ሥራዎች የንግድ መብት ባለቤቶች ሲቃወሙ ሆቢቱ «ሃፍሊንግ»፣ ኤንቱ «ትሬንት» ሆነ፤ ባልሮግም ስሙ ተለወጠ። ኤልፍ፣ ድንክና ኦርክ ግን በነበሩበት ቀሩ። ቶልኪን ከጥንት ተረትና ከአሮጌ ቃላት የወሰዳቸው ለሌሎችም ክፍት ሆነው ሲቀሩ፣ የራሱ የሆኑት ታጠሩ ማለት ነው። ኤንት የሚለው ቃል እንኳ በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ግዙፍ ሰው» ማለት ነበር፤ የሚራመደውንና ደን የሚጠብቀውን ዛፍ የፈጠረው ግን ቶልኪን ነው።

የመጀመሪያው ዕዳ፦ ትርጉም

የዚህ ጥበብ ትልቁ አብነት ራሱ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው፤ በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር። በ1937 በታተመው «ዘ ሆቢት» ውስጥ 13 ድንኮች አሉ። የአብዛኞቹ ስም «ቮሉስፓ» ከሚባል ጥንታዊ የኖርዲክ ግጥም የተገኘ ነው። ግጥሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አይስላንድ ውስጥ በተጻፈ ብራና ላይ ተጠብቆ የቆየ ሲሆን በመሀሉ የድንኮች ስም ዝርዝር አለ። ቶሪን፣ ፊሊ፣ ኪሊ፣ ኖሪ፣ ቦምቡር እያለ ይቀጥላል። ማን እንደነበሩና ምን እንደሠሩ ግን የሚነግረን እምብዛም የለም።

ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ጋንዳልፍ ነው። «ጋንድ» በትር፣ «አልፍ» ደግሞ ኤልፍ ማለት ነው፤ ሲገጣጠም «ባለ በትሩ ኤልፍ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ቶልኪን በመጀመሪያው ረቂቁ ይህን ስም የሰጠው ለድንኮቹ አለቃ ነበር፤ አስማተኛው ሽማግሌ ብላዶርቲን የሚባል ሌላ ስም ነበረው። በኋላ አለቃውን ቶሪን አለውና ጋንዳልፍን ለአስማተኛው አዛወረው። እንግዲህ በትር የያዘው ማን እንደሆነ ለሚያስብ ሰው ስሙ ወደ ትክክለኛው ባለቤቱ ሄደ። «ባለ ኦክ ጋሻው» የሚለው የቶሪን ቅጽልም በዚያው ዝርዝር ራሱን የቻለ የሌላ ድንክ ስም ነው፤ ቶልኪን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ቅጽል አደረገው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አይስላንድ በሌለችበት ምናባዊ ዓለም የሚኖሩ ድንኮች የአይስላንድ ስም ከየት አመጡ? ከ1954 እስከ 1955 በወጣው «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ቶልኪን መልስ አዘጋጀ። ድንኮቹ እውነተኛ ስማቸውን ለባዕድ አይናገሩም፤ የምንሰማው ከሰሜን ሰዎች ቋንቋ የተዋሱትን መጠሪያ ነው፤ ደራሲው ደግሞ ያንን በኖርዲክ ተርጉሞ አቀረበልን። ከተዋሰው ዝርዝር የመጣ ችግር ስሙን የሚደብቅ ሕዝብ አስገኘ። ዕዳ በአግባቡ ሲከፈል እንዲህ ያተርፋል።

ሁለተኛው ዕዳ፦ ታሪክ

ዜኡስ፣ አርገስ፣ ሮሙለስ የሚሉት ስሞች እንደ ድንኮቹ ዝርዝር ባዶ አይደሉም፤ አንባቢው ታሪካቸውን አስቀድሞ ሰምቷል። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ በ1999 ባሳተመችው ሦስተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ሪመስ ሉፒን የሚባል መምህር አለ። ሪመስ ከሮሙለስ ጋር ተኩላ ያጠባችው የሮም ተረት ሕፃን ነው፤ «ሉፐስ» ደግሞ በላቲን ተኩላ ነው። ስለዚህ ላቲን የቀመሰ አንባቢ መምህሩ ጨረቃ ስትሞላ ወደ ተኩላ የሚለወጥ መሆኑን መጽሐፉ ሳይነግረው ሊገምት ይችላል። ለልጆች ደስ የሚል እንቆቅልሽ ነው፤ ምስጢሩን እስከ መጨረሻው ማቆየት ለሚፈልግ ደራሲ ግን ስሙ ከዳተኛ ነው።

በእኛ ቋንቋም ይኸው አለ። በጥንት ትውፊታችን አርዌ የሚባል ዘንዶ ሕዝቡን እያስገበረ ነግሦ እንደነበር፣ በኋላም አንድ ጀግና ገድሎት እንደነገሠ ይተረካል። አንድ ደራሲ ደግ መስሎ የሚገለጥ ንጉሥን «አርዌ» ቢለው፣ ግዕዝ የሚያውቀው አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ አውሬነቱን ያውቃል። የተሻለው መንገድ ንጉሡን በሌላ የክብር ስም እያስጠሩ፣ አርዌ የሚለውን ገባሮቹ በሹክሹክታ ብቻ እንዲሉት ማድረግ ነው።

ታሪክን መፋቅም አለ። በግሪኮች ተረት ለባሕር አውሬ የተሰጠችው አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌዎስ ልጅ ናት። የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ከዛሬው ወሰናችን ጋር አንድ ባይሆንም አገሯ በስም ተጠቅሷል። «ክላሽ ኦቭ ዘ ታይታንስ» በተባለው ፊልም ግን በ1981ዱ ቅጂ የኢዮጴ፣ በ2010ሩ ደግሞ የአርጎስ ልዕልት ሆናለች። ስሟ ቀረ፤ አገሯ ጠፋ።

ሦስተኛው ዕዳ፦ ሰው

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። ቶልኪን በ1932 እና በ1934 «ሲጀልዋራ ላንድ» በሚል ርዕስ በሁለት ክፍል አንድ ጥናት አሳትሟል። የጥናቱ ጉዳይ የጥንት እንግሊዞች «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን የላቲን ቃል የተረጎሙበት «ሲጀልኸርዋን» የተባለ ቃል ነው። የቶልኪን ሐሳብ ቃሉ ለኢትዮጵያውያን ከመሰጠቱ በፊት ሌላ ነገር መጠሪያ ነበር የሚል ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ከፀሐይና ከዕንቁ፣ ሁለተኛውን ከከሰልና ከእሳት ጋር አዛመደው፤ በመጨረሻም ፊታቸው እንደ ጥላሸት የጠቆረ፣ ዓይናቸው ፍም የሚተፋ የእሳት ፍጡራንን ገመተ። የቶልኪንን ሥራ ያጠናው ቶም ሺፒ፣ ባልሮግ የተባለው የጨለማና የእሳት ጋኔን በአንድ በኩል ከዚህ ጥናት እንደተወለደ ጽፏል።

ይህን የማነሣው ቶልኪንን ለመክሰስ አይደለም። እሱ የፈለገው ቃሉ ከእኛ ጋር ከመያያዙ በፊት የነበረውን ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ የአንድ ሕዝብ መጠሪያ የነበረ ቃል ተቆፍሮ ከሥሩ ጋኔን ወጣ፤ ጋኔኑም በመጽሐፍና በፊልም ዓለምን ዞረ። የሩቅ ሰው ስም በተረት ውስጥ ለጭራቅ ማልበሻ ሲሆን ማንም አይደነግጥም፤ ባለስሙ እዚያ የለምና።

እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ፈረንጅ ብቻ መቀሰር አንችልም፤ በቤታችን ቡዳ አለ። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው እምነት በአየር ላይ የተንሳፈፈ ተረት አልነበረም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሉ በስም የሚታወቁ ተከሳሾች ነበሩ። ማረሻውን የሠራልን ሰው ገበታ ላይ አይቀርብም፣ ልጁም አይዳርም ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ዛሬም ስድቡ ከአፋችን አልጠፋም።

ቡዳ ግን ወደ አሜሪካ ፋንታሲ ከገባ ቆይቷል። ኢሎና አንድሩስ በሚል የብዕር ስም በ2007 በጀመረው የኬት ዳንኤልስ ተከታታይ ልብ ወለድ፣ በአትላንታ ከተማ የሚኖሩ ወደ ጅብነት የሚለወጡ ሰዎች «ቡዳ» ይባላሉ። ተወዳጅ ገጸ ባሕርያትም አሉባቸው። ለአትላንታ አንባቢ ስሙ አዲስና ማራኪ ድምፅ ነው፤ አባቱ በዚያው ስም ለተሰደበ ሰው ግን ሌላ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ደራሲ ይህንኑ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ቢጽፍና የጅቡን ሰው አንጥረኛ ቢያደርገው፣ ተረት ጻፈ አይባልም፤ አሮጌውን ክስ አደሰ እንጂ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ተረታችንን እንተው የሚል ምክር የለኝም። ናይጄሪያዊው ዲ. ኦ. ፋጉንዋ በ1938 የዮሩባን የጫካ መናፍስት በራሱ ቋንቋ ልብ ወለድ አደረጋቸው፤ ወሌ ሾይንካም በ1968 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ጃማይካዊው ማርሎን ጄምስ በ2019 ባሳተመው «ብላክ ሌፐርድ፣ ሬድ ዉልፍ» የአካን ሕዝብ ተረት የሚያውቀውን ሳሳቦንሳምን፣ የኤዌ ሕዝብ የሚፈራውን አድዜን ከነስማቸው አስገብቷል። የእኛም ጎተራ ባዶ አይደለም።

ስም ከመውሰድ በፊት ግን ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል። አንደኛ፣ ቃሉ ከሥሩ ምን ማለት ነው? መዝገበ ቃላት መግለጥ ቀላል ነው፤ ጋንዳልፍን ያገኘው ይህ ልማድ ነው። ሁለተኛ፣ አንባቢዬ ስለዚህ ስም ምን ያውቃል? ከሚያውቀው ጋር ልስማማ ነው ወይስ ልከራከር? ሦስተኛ፣ በዚህ ስም ዛሬ የሚጸልይ ወይም በዚህ ስም ዛሬ የሚሰደብ ሰው አለ? ካለ ጸሐፊው መጻፉን ሊተው አይገደድም፤ ባለጉዳዩን ሳይሰማ ግን መፍረድ የለበትም።

እንደ ሕግ ሰው የማምነው አንድ ነገር አለ። ተከሳሽ የመደመጥ መብት አለው። የቡዳን ታሪክ ሁልጊዜ የምንሰማው «ተበላሁ» ከሚለው ወገን ነው። ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው ሰው ከፍሙ ፊት ተቀምጦ ብረቱን እያገላበጠ፣ ዓይኑን ከጎረቤቱ ልጅ ላይ ላለማሳረፍ አንገቱን ደፍቶ ሲኖር ምን ያስባል? በዚህ ወገን የሚጻፍ የአማርኛ ፋንታሲ ቢኖር ስሙ የተወሰደው በነፃ አይሆንም፤ ዕዳው ተከፍሎበታል ማለት ነው።