ከዙፋኑ ዕድሜ ያለፈው ወረቀት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአበው ብሂል በኢትዮጵያ ተረት ብቻ ሳይሆን ሕግም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዘራቸውና በተቀቡት ቅብዓት ምክንያት አካላቸው የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማያከራክር መሆኑን ደንግጎ ነበር። በአደባባይ ሊጠየቅ ያልቻለው ዙፋን ታዲያ በወረቀት ተጠየቀ፤ አብዛኛውን ጊዜ የጸሐፊው ስም በሌለበት፣ በማባዣ ማሽን ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ወረቀት።

ዙፋንን በወረቀት መሞገት የተጀመረው በኢትዮጵያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1776 ቶማስ ፔይን ያሳተማት «ኮመን ሴንስ» የተባለች አነስተኛ መጽሐፍ፣ የአሜሪካ ሰፋሪዎች ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር የመታረቅን ተስፋ ትተው ነጻነትን እንዲመርጡ ቀስቅሳለች። ሆኖም በዚያው ዓመት የንጉሡ ደጋፊዎችም የመልስ ጽሑፍ አሳትመው ተከራክረዋታል። የኢትዮጵያው ወረቀት ያላገኘው ይህንኑ ነው፤ መልስ የሚጽፍለት ተከራካሪ።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» የሚል መፈክር ይዘው ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጡ። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ደግሞ ዋለልኝ መኮንን የተባለ ተማሪ «ስትራግል» በተሰኘው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ የብሔረሰቦች ጥያቄ በእንግሊዝኛ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ኢትዮጵያ ገና አንድ ብሔር እንዳልሆነች፣ የየራሳቸው ቋንቋና ታሪክ ያላቸው ብሔረሰቦች በእኩልነት የሚሳተፉበት መንግሥት እንደሚያስፈልጋት የሚከራከር ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱም ወታደሮች ስድስት ኪሎ ግቢ ገብተው በተማሪዎች ላይ ተኮሱ። ለወረቀቱ የተሰጠው መልስ ይህ ሆነ።

ዙፋኑ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከወደቀም በኋላ ክርክሩ አልተፈቀደለትም። የኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ» እና የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በኅቡዕ ይሰራጩ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ወረቀት ይዞ መገኘት ራሱ የሚያስገድልበት የቀይ ሽብር ዘመን መጣ።

መፈክሮቹ ግን እንደ አጠሩ ሕግ ሆኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ጭሰኛው ከባለርስቱ ነጻ ወጣ፤ እስከ 10 ሄክታር እንዲያርስም ተፈቀደለት፤ መሸጥና ማከራየት ግን ተከለከለ። «ለአራሹ» ማለት የአራሹ ሀብት ይሁን ማለት ነው ወይስ አራሹ ይጠቀምበት ማለት? መፈክሩ በሁለት ቃላት የዘለለውን ይህን ጥያቄ አዋጁ ያለ ሙግት ዘጋው። ዋለልኝ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ተገደለ፤ ልክ በ22ኛ ዓመቱ፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ በአንቀጽ 39 እስከ መገንጠል ድረስ መብት የሚሰጠው ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ሕጉ ያጸደቀው የወረቀቱን ቃል በቃል ባይሆንም፣ ወረቀቱ የከፈተውን በር ይዞ የመጣ ትውልድ ሥራ ነው።

ታሪኩ ለጁባም ሩቅ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1955 ዓ.ም. የኤርትራን ፌዴሬሽን ያፈረሱ ቢሆኑም፣ እ.ኤ.አ. በ1972 አዲስ አበባ ላይ የሱዳን ወገኖችን አስማምተው ደቡቡ ራስ ገዝ እንዲሆን ረድተዋል። «የራስን ዕድል በራስ መወሰን» የሚለው ቃል ግን በዚያ ስምምነት አልነበረም። ቃሉ በኢጋድ የመርሆዎች መግለጫ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ያን መግለጫ ካዘጋጁት አራት አደራዳሪ አገሮች አንዷም ያው የተማሪዎች ንቅናቄ ያፈራቸው ሰዎች የሚመሯት ኢትዮጵያ ነበረች። የደቡብ ሱዳንን ጥያቄ የወለደው የራሷ ሕዝብ መከራና ትግል ነው፤ የጋራው ቃሉ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ጁባ ላይ ተሰልፎ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ፣ ከመቶ 98 በላይ በሆነ ድምፅ ለዚያ ቃል መልስ ሰጠ።

«እንለይ ወይስ አብረን እንኑር» የሚለው መልስ ሲያገኝ፣ «ተለይተን እንዴት እንተዳደር» የሚለው ግን በሚገባ ሳይመከርበት ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ጁባ ላይ ጥይት ተተኮሰ። በኢትዮጵያም አንቀጽ 39 ከጸደቀ ወዲህ የብሔረሰቦች ጥያቄ ደም ማፋሰሱን አላቆመም። ያንን ወረቀት ለዚህ ሁሉ ጥፋት ተጠያቂ የሚያደርጉ አሉ፤ ነገር ግን ጥቂት ገጾች ላይ የሰፈረ የአንድ ተማሪ ጽሑፍ ጥያቄን ከማንሣት ያለፈ ምን ሊሠራ ይችል ነበር? ጥያቄውን መርምሮ፣ አርሞና አስፍቶ መመለስ የመንግሥትና የሊቃውንት ድርሻ ነበር። ዙፋኑ ለዚያ ጽሑፍ በጽሑፍ መልሶ ቢሆን ኖሮ፣ የልጅ ልጆቹ ዛሬም በዚያው ጥያቄ ባልተታኮሱ ነበር ለማለት ያስደፍራል።