ብስክሌቱ ለሰው ወይስ ሰው ለብስክሌቱ?

ብስክሌት የሚነዳ ሰው ወገቡን ቢያመው፣ መዳፉ ቢደነዝዝ፣ መቀመጫው ቢላጥ «ገና አልለመድከውም፣ ቻለው!» ይባላል። ሕመሙ የጉብዝና ማስረጃ፣ ምቾት መፈለግ ደግሞ የስንፍና ምልክት ሆኖ ይቆጠራል። እኛ ግን ታሪኩን ስንመረምር ያገኘነው ሌላ ነው። የብስክሌት ታሪክ በአብዛኛው ምቾት የተናቀበት፣ ኋላም ያው የተናቀው ምቾት ፍጥነትን ይዞ የመጣበት ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመነሻው እንጀምር። በ1817 ካርል ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ማንሃይም ከተማ ውስጥ ሁለት የእንጨት መንኮራኩር ያለው መሣሪያ ሠራ። ፔዳል የለውም፤ ነጂው ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሄደው። በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ በፊተኛው መንኮራኩር ላይ ፔዳል ተገጠመ። ይሁን እንጂ መንኮራኩሩ እንጨት፣ ዙሪያው ብረት ስለ ነበረ ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ላይ ነጂውን እንዴት እንደሚያንገጫግጨው መገመት አያዳግትም። እንግሊዞች «አጥንት አንቀጥቅጥ» የሚል ስም ያወጡለት በከንቱ አልነበረም። በ1870ዎቹ ደግሞ የፊቱ መንኮራኩር እጅግ ትልቅ፣ የኋላው ትንሽ የሆነ ብስክሌት መጣ። ፍጥነት ተገኘ፤ ነገር ግን መንኮራኩሩ ድንጋይ ሲመታ ነጂው ከዚያ ሁሉ ከፍታ በአፍ ጢሙ ይደፋል። በ1885 የኮቨንትሪው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱ መንኮራኩሮች ለመመጣጠን የተቃረቡበትንና የኋላው በሰንሰለት የሚዞርበትን «ሮቨር» አወጣ። ዛሬ የምንነዳው የዚህ የልጅ ልጅ ነው።

ትልቁን ትምህርት የምናገኘው ግን ከጎማው ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ይኖር የነበረ የእንስሳት ሐኪም ነው። በ1887 የትንሽ ልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት እንዲለሰልስለት ብሎ አየር የተነፋ የላስቲክ ቱቦ በመንኮራኩሩ ዙሪያ አሰረለት። በ1888ም የፈጠራ መብት አወጣበት። (ሮበርት ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ ተመሳሳይ ሐሳብ ገና በ1845 ማስመዝገቡ ኋላ ታውቋል።) እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ለልጅ ምቾት እንጂ ለውድድር አልነበረም። በ1889 ግን ዊሊ ሂዩም የተባለ ተወዳዳሪ ይህንኑ ጎማ አስገጥሞ እዚያው ቤልፋስት ውስጥ ሲወዳደር በጠጣር ጎማ የሚነዱትን ኋላ አስቀራቸው። በ1891 ሻርል ቴሮን ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ፣ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሚሽሊን የአየር ጎማ በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ጨርሶ አንደኛ ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠጣር ጎማ እያንዳንዷን ጠጠር በመታ ቁጥር ብስክሌቱንም ነጂውንም ወደ ላይ ያነጥራል፤ ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት በመንቀጥቀጥ ያልቃል። አየሩ ግን ጠጠሩን ይውጠዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ምቾት ክብር አገኘ? ኧረ የለም! በ1903 ቱር ደ ፍራንስን የጀመረው የጋዜጣ አዘጋጅ ኦንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መቀያየርን ይንቅ ነበር፤ ከ45 ዓመት በላይ ለሆናቸው እንጂ ለጎበዝ አይሆንም ባይ ነው። ባለሙያዎቹ ተወዳዳሪዎች እስከ 1937 ድረስ የማርሽ መቀያየሪያ ስለ ተከለከሉ፣ ተራራው ሥር ወርደው የኋላ ጎማቸውን ነቅለው ማዞር ነበረባቸው። ልብሱ እንኳ የራሳቸው አልነበረም። ተወዳዳሪው ሲነሣ የለበሰውን ሁሉ ይዞ መጨረስ አለበት ይል ነበር ደንቡ። በ1924 ኦንሪ ፔሊሲዬ በብርድ የለበሰውን ሹራብ መጣል ይችላል አይችልም በሚል ጠብ ተነሥቶ፣ ከወንድሙ ከፍራንሲስና ከሞሪስ ቪል ጋር ኩታንስ ከተማ ላይ ውድድሩን ጥሎ ወጣ። ሥቃያቸውን ለጋዜጠኛው ለአልቤር ሎንድር ዘርዝረው ነገሩት፤ እሱም ጻፈው።

በ1933 ደግሞ ፍራንሲስ ፎር ሻርል ሞሼ በሠራው፣ ነጂው ወንበር ላይ ጋደም ብሎ በሚነዳው ብስክሌት፣ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ኦስካር ኤግ ከ1914 ጀምሮ ይዞት የነበረው ክብረ ወሰን 44.247 ነበር። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር መልስ ምን ሆነ? በ1934 «ይኸ ብስክሌት አይደለም» ብሎ ከውድድር አገደው!

ልብ እንበል፤ ሥቃይን ያወደሱት በአብዛኛው ኮርቻው ላይ ያልነበሩት ናቸው። የኋላ ኋላ ግን እውነቱ ገፍቶ ይወጣል። ለብዙ ዘመን 23 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀጭን ጎማ ይሽቀዳደሙ የነበሩት ባለሙያዎች በቅርብ ዓመታት ወደ 28 እና ከዚያም በላይ ተሸጋግረዋል፤ ሻካራ መንገድ ላይ ለስለስ ያለው እንደሚፈጥን ስለ ታወቀ ነው።

በአገራችንም ብስክሌት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትካፈል ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሯት። ብዙዎቻችን የለመድነው ግን የኪራይ ብስክሌት ነው፤ ኮርቻው በአንድ ቁመት ላይ ዝጎ የተጣበቀ፣ ረጅሙም አጭሩም የሚቀመጥበት። ጉልበታችን ሲያመን ራሳችንን እንጂ ኮርቻውን አንጠረጥርም።

መለኪያው ግን ቀላል ነው። ኮርቻው ላይ ተቀምጠን ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዛችንን ብናሳርፍበት እግራችን ቀጥ ማለት አለበት፤ በእግራችን ፊት ስንረግጠው ጉልበታችን በመጠኑ ይታጠፋል። በ1980ዎቹ ግሬግ ለሞንድ ያስታወቀው ስሌትም አለ፤ ከእግር መሐል እስከ መሬት ያለው ርዝመት በ0.883 ሲባዛ የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት ከመካከለኛው እንዝርት እስከ ኮርቻው አናት የሚኖረውን ቁመት ይሰጣል። መሪው ከራቀን ክብደታችን እጃችን ላይ ይወድቅና መዳፋችን ይደነዝዛል፤ ማቅረብ ወይም ከፍ ማድረግ ነው። ጎማውንም በሻካራ መንገድ ላይ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር መንፋት አያስፈልግም።

ስለዚህ ጓደኛችን ከብስክሌት ወርዶ ወገቡን ይዞ ሲያቃስት ብናይ፣ «ቻለው» ከማለታችን በፊት እስቲ መፍቻ እንፈልግለት።