ወሬን በሁለት ሚዛን፦ ከልጅ ኢያሱ ክስ እስከ ሸገር ከተማ



መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ልጅ ኢያሱ ሐረር ነበሩ። «ሰልመዋል» የሚል ክስ ቀረበባቸው፤ አቡነ ማቴዎስም መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ፤ ዘውዲቱ ነገሡ። ከአንድ ወር በኋላ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። በዚያ ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው አለቀ።

ክሱ ከምን ተሠራ? ኢያሱ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ተጋብተዋል፤ መስጂድ እንዲሠራ ረድተዋል፤ ይህ እውነት ነው። ጥምጥም ያሰሩበት ፎቶም ተሠራጭቷል፤ ከነዚህ ፎቶዎች ትክክለኛነታቸው እስከ ዛሬ የሚያከራክር አለ። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ወደ ኦቶማንና ወደ ጀርመን ያደላሉ ብለው የሰጉት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች መውረዳቸውን ይፈልጉ ነበር። መስለማቸውን ግን በማያሻማ ማስረጃ ያረጋገጠ የታሪክ ጸሐፊ የለም።

ልብ በሉ፦ ወሬው ሁሉ ፈጠራ አልነበረም። የታየው እውነት ነበር፤ ከታየው የተሰጠው ፍርድ ግን አልተጣራም።

ለዚህ ዑለሞቻችን ሁለት ሚዛን ትተውልናል። የሐዲስ ሊቃውንት «ማን ከማን ሰማ? ተናጋሪውስ ታማኝ ነው?» ብለው ሰነዱን ይመረምራሉ። ኢብን ኸልዱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፈው ሙቀዲማ «ነገሩ ራሱ ሊሆን የሚችል ነው?» የሚለውን አስቀደመ። በነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ዘመን የበኒ ኢስራኢል ጦር ከ600,000 በላይ ነበር የሚለውን ዘገባ ያልተቀበለው፣ ያን ያህል ሠራዊት በአንድ ሜዳ ተሰልፎ ሊዋጋ አይችልም ብሎ ነው።

ወደ ዛሬ እንምጣ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ፣ በከተማዋ መስጂዶች ፈርሰዋል። ግንቦት 18 ቀን በታላቁ አንዋር መስጂድ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በተነሳው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ይህ የሆነ ነገር ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም። የሌላ አገር ወይም የድሮ ፍርስራሽ ፎቶ ቢጨመርበት የሚጠቀመው ተበዳዩ አይደለም፤ በአንዷ ሐሰት አሳብቦ እውነቱን ሁሉ የሚክድ ሰው ነው።

ስለዚህ ከሱሉልታም ይሁን ከቡራዩ ምስል ሲደርሳችሁ ጠይቁ፦ ማን አነሳው? መቼ? የትኛው መስጂድ ነው? ምስሉ የሚያሳየውና ጽሑፉ የሚለው አንድ ናቸው? መልስ እስኪገኝ ሼር ሳይደረግ ይቆይ። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 ወሬን እንድናጣራ ያዘዘን፣ ሳናውቅ ሰው ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። የሰገሌ ሟቾች ግን ማንም ቢጸጸት አልተመለሱም።

ወላሁ አዕለም።