ደቻቱና ካሜራው

ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው ደቻቱ፣ ወንዝ መባሉ ለእንግዳ ሰው ግራ ያጋባዋል። በዚህ ወገን ከዚራ፣ በዚያ ማዶ መጋላ፤ በመካከላቸው የተዘረጋው ግን በአብዛኛው የዓመቱ ወራት ውሃ ሳይሆን አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፤ ግመልና አህያ ይነዳበታል፤ ገበያም ይዘረጋበታል። ታዲያ ካሜራ የያዘ ሰው እዚህ ቆሞ ምን ያነሣል? የሚያየውን፤ አሸዋውን።

በዚህ አካባቢ ፎቶግራፍ ከራስዋ ከድሬዳዋ በዕድሜ ይቀድማል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር በንግድ ሥራ ላይ ሳለ ካሜራ አስመጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 የራሱን ምስል አንሥቶ ለቤተሰቡ ልኳል። ምስሎቹ የነጡትም ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ መሆኑን በደብዳቤው ገልጿል። የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ አንሺ የአገሩን ውሃ በማጠቢያ ሳህኑም ውስጥ ያገኘው ነበር ማለት ነው።

ባቡሩ በመጀመሪያ የታሰበው ከጅቡቲ ወደ ሐረር ነበር። ተራራው ስላስቸገረ ሐዲዱ በቆላው በኩል ዞረና በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ከተማይቱም ተቆረቆረች። ዳግማዊ ምኒልክ «አዲስ ሐረር» ብለው ሰይመዋት ነበር። ባቡሩ ከነጋዴው ጋር ባለካሜራውንም አመጣ። በዚያን ጊዜ ባቡር የሚጓዘው ቀን ቀን ስለነበር መንገደኛው ድሬዳዋ አድሮ በማግሥቱ ይቀጥላል። ባደረባት ከተማ አንዲት ምስል አንሥቶ የሚሄድ ሰው ደግሞ የወንዙን የአንድ ቀን ፊት እንጂ የዓመቱን ጠባይ ይዞ አይሄድም።

የደቻቱ ጠባይ የሚታወቀው በላይኛው አገር ነው። በበልግና በክረምት በደንገጎና በአካባቢው ደጋ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ፣ ጎርፉ ቁልቁለቱን ተከትሎ ድንገት ከተማው ውስጥ ይደርሳል። ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ባይወርድም ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ውሃው ሸሽቶ አሸዋው ይመለሳል። ካሜራ ብርሃን ይሻል፤ ደራሽ ውሃ ግን ንጋትን አይጠብቅም።

«እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» ይላል ያገራችን ሰው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የሆነው ይኸው ነው። ደቻቱ ሞልቶ ሰውን በተኛበት ወሰደ፤ ከ250 በላይ ሕይወት ጠፋ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ሲነጋ ካሜራው የደረሰው ለፍርስራሹና ለደለሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንብ ግን ጎርፍን ይመክት ይሆናል እንጂ ትዝታን አይጠብቅም። አሸዋውን ብቻ እያየ ያደገ ልጅ ወንዙን እንደ ሜዳ ቢቆጥረው ምን ይፈረድበታል?

ፎቶግራፍ ለዚህ ምን ይረባል? በሰሜን ያለውን ምሳሌ እንመልከት። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ያነሣቸው የመልክዓ ምድር ምስሎች ነበሩ። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ቤልጂጋዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያኑ ሥፍራዎች ፈልገው፣ እዚያው ቆመው እንደገና አነሡ። ምስሎቹ ሲነጻጸሩ ድሮ በደን ተሸፍኖ ነበር የሚባለው አገር በብዙ ሥፍራ ከዛሬው የተራቆተ ሆኖ ተገኘ። አሮጌ ፎቶግራፍ ለብዙ ዘመን የታመነን ወሬ አስተካከለ።

ደቻቱም እንዲህ ያለ ምስክር ያሻዋል። ከአንድ ድልድይ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ አሥራ ሦስቱንም ወር የተነሣ ምስል፤ የጥር አሸዋ፣ የሚያዝያ ደለል፣ የነሐሴ ውሃ ጎን ለጎን። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። በመጋላና በከዚራ ቤቶች ውስጥ የተቀመጡ የቤተሰብ አልበሞችም ይገለጡ። ሙሽራና ሚዜ በተነሡበት ምስል ጀርባ ወንዙ ቆሞ ይሆናል። ቀኑና ወሩ በምስሉ ጀርባ ይጻፍ፤ ወሩ ያልተጻፈበት የደቻቱ ፎቶግራፍ የወንዙን ግማሽ ታሪክ ይደብቃልና።