የአጎቴ ላዳ ፍሬን

በቆጂን ዓለም የሚያውቃት በሯጮቿ ነው። እኔ ግን ባለፈው ክረምት እዚያ የሄድኩት ለማቆም ነበር። የአጎቴ አሮጌ ላዳ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ትጎትታለች፤ አንድ ቀን ከነልጆቹ ቦይ ልትገባ ነበር።

ሶፍትዌር ሠሪ ስለሆንኩ ከመፍታቴ በፊት ማንበብ ጀመርኩ። የላዳ እናት የጣሊያኗ ፊያት 124 ናት። በ1966 እ.ኤ.አ. ስትወጣ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ነበራት። ጃጓር በ1953 የለማንን ውድድር ሲያሸንፍ የተጠቀመበት ዲስክ፣ በ13 ዓመት ውስጥ ተራ የቤተሰብ መኪና ላይ ደረሰ ማለት ነው።

የኋላውን ጎማ ስፈታ ግን ካሊፐር የለም፤ ታምቡር ነው።

«ጋሼ፣ ኦሪጅናሉን አውጥተው ሸጠውብዎታል» አልኩ።

«ስገዛትም እንዲሁ ነበረች» አለኝ እየሳቀ።

እውነቱን ነው። ሶቪየቶች ከ1970 ጀምሮ ቶልያቲ ላይ ላዳን ሲሠሩ፣ የኋላውን ዲስክ ሆን ብለው በታምቡር ቀይረውታል፤ በመንገዳቸው ጭቃና ጠጠር ዲስኩ ቶሎ ያልቅ ነበር። የአርሲን የክረምት ጭቃ ላየ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኛም ሥራ ቤት «ስህተት ነው» ብለን የምንሰርዘው ኮድ አንዳንዴ ሰው አስቦበት የጻፈው ነው።

ጥፋቱ ከፊት ተገኘ፤ የቀኙ ካሊፐር ፒስተን ዝጎ ተጣብቋል። ቤንዚን ጎሚኒ ስለሚያበላሽ በፍሬን ዘይት አጠብነው፤ ጎሚኒው ተቀየረ፣ ብረቱ የድሮው ሆኖ ቀረ።

ቁልቁለቱ ላይ ረገጥኩት። ቀጥ ብላ ቆመች።